የጎረቤት ቢላዋ

ወንድሜ ሀብተጊዮርጊስ የጦር ይግባኝ ሰሚ ችሎት ዳኛ ሆኖ የተሾመ ሰሞን፣ ወልቂጤ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ያላለኝ ሰው አልነበረም። እኔም እንደ ወጉ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እያልኩ መለስኩ። መልካም ወሬ ስሰማ ግን፣ ከኋላው ምን ተከትሎት እንደሚመጣ ነው ቀድሞ የሚታየኝ።

«አንቺ ሰርግ ቤት ገብተሽ ሬሳ የምትፈልጊ ሴት ነሽ» አለችኝ ሰፍያ። ሰፍያ ከቤታችን ፊት ለፊት ጨውና ላምባ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት።

«የሚፈርድ ሰው ጠላት ያበዛል» አልኳት።

«የማይፈርድስ? ላምባ በሰፈርኩ ቁጥር ጎደለ እያሉ ይራገሙኝ የለም እንዴ? ወላሂ፣ አንቺ እኮ ልጅሽን ሚኒስትር ቢያደርጉት፣ ወንበሩ ይጎረብጠዋል ብለሽ ታለቅሻለሽ።»

ሳቅሁላት። የምፈራው ግን ለወንድሜ ነበር። ለልጄ መፍራት እንደነበረብኝ አላወቅሁም።

ሀብቴን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አባታችን ቡታጅራ ላይ ሲሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። እናታችን አደይ ከእንሰቷ ጋር ብቻዋን ቀርታ፣ ሁለታችንንም መርካቶ ሱቅ ለነበረው አጎታችን ሰጠችን። እኔ አሥረኛ ክፍል እንደደረስኩ ለአስረስ ተዳርኩና ወልቂጤ መጣሁ። አስረስ የጎጃም ሰው ነው፤ መምህር። ሀብቴ ትምህርቱን ቀጠለ፣ ጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ መኮንን ሆነ። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ስለነበር ድንበር ሳያይ የጦር ፍርድ ቤት ጸሐፊ አደረጉት። ተከሳሾች የሚናገሩትን ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር። ያኔ ለዕረፍት ወልቂጤ ሲመጣ የሰማውን እየነገረኝ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። አንዱ እናቱን ሊቀብር ያለ ፈቃድ የሄደ፣ አንዱ ብርድ ሲጸናበት የመጋዘን ብርድ ልብስ የወሰደ።

ከዚያ ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲ ሕግ መማር ጀመረ። ለፈተና ሊያጠና ወልቂጤ ሲመጣ መጽሐፉን እኔ እይዝለታለሁ፤ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሱ አንቀጹን በቃሉ ይወጣዋል። አንዱን አንቀጽ አልረሳውም፤ ዳኛ በዘመዱ ጉዳይ አይቀመጥም የሚለውን።

«እንዲህ ከሆነማ ቡታጅራ ላይ ማን ሊፈርድ ነው?» ብዬው ነበር።

«ለዚህ እኮ ነው ቡታጅራ የማልፈርደው» ብሎ ሳቀ። ያኔ ሳቁ ጥሩ ነበር።

ሲመረቅ ዓቃቤ ሕግ ሆነ። ስለ ብርድ ልብሱ ወታደር ማውራቱን የተወው በዚያ ጊዜ ነው። ጉራግኛውም ያኔ ከአፉ ጠፋ፤ እናታችን ስታናግረው በአማርኛ ይመልስላት ጀመር። አንድ መስቀል ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ «እስካሁን ከከሰስኳቸው አንድም ያመለጠኝ የለም» ሲል ሁሉም አጨበጨበለት። እኔ የእነዚያን ሰዎች እናቶች አሰብኩና እጄ አልተነሳልኝም። ቀጥሎ የመጀመሪያ ደረጃ ጦር ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፣ ቀጥሎ ሻለቃና የይግባኝ ዳኛ። ይግባኙን ከሚሰሙት ከሦስቱ ዳኞች በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። ሰብሳቢው ሽማግሌ ስለነበሩ ጡረታቸው ደርሷል፤ ወንበራቸውን ማን ይወርሳል የሚለው ወሬ ወልቂጤ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልጄ ያረጋል የታሰረው ከዚህ ሹመት በኋላ ባለው ክረምት ነው። ወታደር ሾፌር ነበር፤ ቆላ ውስጥ፣ ከከተማ በራቀ አንድ የጦር ሰፈር። ሰፈሩ ያለው አንድ መኪና ብቻ ነው። አንድ ቀን አዛዡ ለአደን ሊወጣ መኪናውን አዘጋጅ ይለዋል። በዚያው ጠዋት አንድ ጓደኛው ወባ ጸንቶበት ያቃዣል፤ ራሱን አያውቅም። ያረጋል «መጀመሪያ እሱን ሐኪም ቤት ላድርስ» ብሎ ይለምናል። አዛዡ እምቢ ሲለው በሽተኛውን ጭኖ ሄደ። ሰውየው ዳነ። ልጄ ትእዛዝ በመጣስና መኪና ይዞ በመጥፋት ተከሶ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

ወሬው የደረሰን ከመንገድ ነው። ከጅማ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አስረስን አስቆሞ ነገረው። አስረስ ገብቶ ሲነግረኝ አልጮህኩም። ልጁ ከተቀጠረ ቀን አንስቶ ይህን ወይም ይህን የመሰለ ነገር ስጠብቅ ነበር። ጭራሽ ሞተ አለመባሉን ነው ያመሰገንኩት።

«ይግባኝ እንላለን» አለ አስረስ።

«ይግባኙን የሚሰማው ማን ነው?» አልኩት።

ተያየን። እሱ ፊቱ በራ። እኔ ያ አንቀጽ ትዝ አለኝ።

መስቀል ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቡታጅራ ሄድን። ከወልቂጤ ቡታጅራ ወፍ ብትሆን ሩቅ አይደለም፤ ሰው ግን በአውቶቡስ እስከ አለምገና ሄዶ፣ እዚያ ወርዶ፣ ሌላ መኪና ይዞ ነው የሚመለሰው። በመንገዱ ሁሉ አስረስ ያገኘውን ጠበቃ ስም ሲነግረኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለ፣ የወታደር ጉዳይ የሚያውቅ፣ ከመስቀል በኋላ ኑ ያለን።

የእናቴ ደጅ በሰው ሞልቶ ነበር። በእኛ ቤት ሥርዓት የመስቀል በሬ ዝም ብሎ አይጣልም። የቤቱ ሽማግሌ ቢላዋውን ከነሰገባው ይዞ በሬው ፊት ይቆማል፤ «በዚህ ቤት በሌላው ቅር የተሰኘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ «የለም» ካለ ቢላዋው ይመዘዛል። አለ የሚል ከተገኘ እዚያው ይነጋገራሉ፤ ሳይታረቁ ያ ቢላዋ አይወጣም። ሽማግሌያችን የአባቴ የአጎት ልጅ አባ ኃይሌ ናቸው። ጠየቁ፣ «የለም» አልን፣ በሬው ተጣለ።

ሀብቴ ክትፎውን በቆጮ እየጠቀለለ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጧል። ነገሩን ያነሱት አባ ኃይሌ ናቸው።

«እንግዲህ ሻለቃ፣ የእህትህን ልጅ ነገር እንዴት አየኸው?»

«ጉዳዩ እኛ ዘንድ መጥቷል» አለ ሀብቴ።

«እሰይ!» አለ ቤቱ በሙሉ። እናቴ እልል አለች። አገራችን ሸንጎ ላይ አጎቱ ያልተቀመጠለት ልጅ እንደ ሙት ልጅ ነው የሚታየው። አጎት መጀመሪያ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ ይናገራል። እኛ ዘንድ መጥቷል ሲል የሰሙት ይህንን ነው።

አስረስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ ከነገ ወዲያ አንድ ጠበቃ ላነጋግር...»

«ምን ያደርጋል?» አለ ሀብቴ፣ ቀና ሳይል። «ጠበቃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ፍርድ ቤቱን የጠረጠራችሁ ይመስላል። ይቅርባችሁ።»

«አጎቱ ተቀምጦለት ጠበቃ!» አሉ አባ ኃይሌ። «አንተ ጎጃሜ፣ ልጅህን ወገን የሌለው አታስመስለው እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አስረስም አብሮ ሳቀ። እኔ እየተንፏቀቅሁ ሀብቴ አጠገብ ደረስኩና በጆሮው ጠየቅሁት።

«ሀብቴ፣ በእርግጥ ትቀመጣለህ? ያ አንቀጽ...»

ዘወር ብሎ አየኝ። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጀ። «እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል፣ እትዬ? አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ምን ላድርግ፤ በሰው ፊት ነው። ጎረስኩ፣ ቅቤው በአገጬ ወረደ፣ ሰው አጨበጨበ። ጥያቄዬን ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት። ተመልሰን ስንመጣ አለምገና ላይ አስረስን «ጠበቃውን እናነጋግር» አልኩት።

«ወንድምሽን ላስቀይም? ፊት ለፊት ጠበቃው ይቅር ብሎኝ?» አለኝ። የወልቂጤ አውቶቡስ መጣ፤ ገባን።

ችሎቱ ኅዳር ውስጥ ነበር። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ መኮንኖችና ጥቂት ዘመዶች ተቀምጠዋል። ያረጋልን በሁለት ወታደር መሃል አመጡት። ከስቷል፤ አንገቱ ቀጥኖ ኮሌታው ሰፍቶታል። ሦስቱ ዳኞች ሲገቡ ተነሳን። ያረጋል አጎቱን አየና ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለ፤ ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሩቅ ሲያየኝ እንደሚያደርገው።

ቁጥሩና ስሙ ተነበበ። ሀብቴ ተነስቶ ቆመ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይግባኝ ባዩ የእህቴ ልጅ ነው። ሕጉ ስለማይፈቅድልኝ ከዚህ ጉዳይ እንድነሳ ይፈቀድልኝ።»

መኮንኖቹ በመገረም አንገታቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው «ዳኛ ማለት እንዲህ ነው፤ ወጣቶቹ ይማሩበት» አሉ። በሀብቴ ምትክ አንድ ኮሎኔል ገብቶ ተቀመጠ። ኮሎኔሉ ደጅ ተዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀው። ይህን እኔም አየሁ፣ አስረስም አየ።

«ጠበቃ አለህ?» አሉት ልጄን።

ያረጋል አጎቱ ወደወጣበት በር አየ። «የለኝም፣ ጌታዬ። አያስፈልግህም ተብዬ ነው።»

«ማነው ያለህ?»

«የቤት ሰዎች ናቸው፣ ጌታዬ።»

የአጎቱን ስም አልጠራም። ራሱን ችሎ ሊናገር ሞከረ፤ ስለ በሽተኛው፣ ስለ መኪናው። ዓቃቤ ሕጉ «አዛዥህ አዞህ ነበር ወይስ አላዘዘህም?» ሲለው «አዞኛል» አለ፤ በቃ አለቀ። ዕለቱኑ ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ስምንቱ ዓመት ጸና።

ኮሪደሩ ላይ ሀብቴን አገኘሁት። ከመኮንኖች ጋር ቆሞ ነበር፤ ሲያየኝ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ።

«እትዬ፣ ሕጉ ነው። አንቺ ራስሽ መጽሐፉን ይዘሽልኝ የለም?»

«ሕጉ መስቀል ላይ አልነበረም?»

«በሰው መሃል እንዲህ አታናግሪኝ» አለና ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

አስረስ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ተማሪዎቹን ሳይቆጣ አስተማረ። ልጆቹ ፈርተው ሰፍያን «መምህር ታመዋል?» ብለው ጠይቀዋታል። ሰፍያም ስለ ሰርግና ስለ ሬሳ ቀልዷን ተወች። አንድ ቀን ሱቋ ደጃፍ ተቀምጠን «ያላህ፣ አጎት ሆኖ?» አለች። «እንጃ እኔ፤ አልማርኩም። ግን አስቀድሞ አልቀመጥም ለማለት ምን መማር ያስፈልጋል? አንድ ቃል እኮ ነው።»

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። አልቀመጥም ብሎ አስቀድሞ ቢነግረን ጠበቃ እንይዝ ነበር። ጠበቃው ጉዳዩን ሲያነሳ፣ የይግባኝ ዳኛው የእህት ልጅ ትእዛዝ ጥሶ እንደታሰረ ጠቅላይ ሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይሰማል። የሰብሳቢው ወንበር ገና ባልተሰጠበት ጊዜ ይህ አይጠቅመውም። ስለዚህ ከዚያ ተተኪ ኮሎኔል በቀር ለማንም ሳይነግር ዝምድናውን እስከ መጨረሻው ቀን ደበቀው። ሲገልጠው ደግሞ በሰው ፊት፣ በሚያምር አነጋገር ገለጠው። ክፉ ማሰብ ይቀናኛልና ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። በሰኔ ሌተና ኮሎኔልና ሰብሳቢ ዳኛ ሆነ። የሰማሁት ከሬዲዮ ነው። «ለቤተሰብ እንኳ የማያዳላ» ብለው ሰዎች አስረስን መንገድ ላይ እየያዙ ያመሰግኑለት ነበር። አስረስ ባርኔጣውን አንስቶ ያልፋል።

መስቀል እንደገና መጣ። አስረስ አልሄድም አለ፤ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ አርጅታለች፤ ብቀር ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ወይም ለሌላ ነገር ነው የሄድኩት፤ ለዚያ ጥያቄ።

በሬው ትልቅ ነበር፤ ለአዲሱ ኮሎኔል ክብር አጎታችን ከአዲስ አበባ የላከው። የወረዳው ገዥ እንደሚመጡ ተነግሯል። አባ ኃይሌ ቢላዋውን ከነሰገባው ይዘው ቆሙ።

«በዚህ ቤት በሌላው ቅር የተሰኘ አለ?»

«የለም» አለ ሰው ሁሉ።

«አለ» አልኩ።

አባ ኃይሌ የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ግን ቢላዋውን ወደ ደረታቸው መለሱት። «ወርቅውሃ፣ ልጄ፣ ዛሬ መስቀል ነው» አሉ።

«ለዚያ ነው የተናገርኩት፣ አባ። ካሳ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀውና እንደ ደንባችን ይመልስልኝ።»

ሀብቴ በአዲስ ልብሱ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ቆሟል። «እትዬ፣ እባክሽ» አለ።

«አምና እዚህ ቦታ ስታጎርሰኝ፣ ለያረጋል እንደማትቀመጥ ታውቅ ነበር?»

«ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዳኛ...»

«ሕጉን አልጠየቀችህም» አሉ አባ ኃይሌ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። አምና በአስረስ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ያ ሳቅ ትዝ ያላቸው መሰለኝ። «ታውቅ ነበር ወይ ነው ያለችህ። ሰው ስታስምል የኖርክ ነህ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አንተ መልስ።»

ሀብቴ ዙሪያውን አየ። እናታችን በር ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ እሷን አይቶ ነው የመለሰው፤ በጉራግኛ። ከአፉ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«ጠበቃውን ያስቀረህ እያወቅህ ነው?» አልኩት።

«ወንበሩ ያኔ ገና አልተወሰነም ነበር፣ እትዬ» አለ፤ ይህን ደግሞ በአማርኛ። የሚያሳዝነው እኔ እንደምረዳለት ሰው ሆኖ መናገሩ ነው። «ትንሽ ብትታገሱ፣ ከተሾምኩ በኋላ ምሕረት እጠይቅለታለሁ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ሰብሳቢ ሆኜ ብጠይቅ ምን ይሉኛል?»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

አባ ኃይሌ ወደ እኔ መጡ። «አሁን አመነልሽ። ይቅር በይው፤ ሰው ተሰብስቧል።»

«ልጄ ሲወጣ ይቅር እለዋለሁ።»

«ሰባት ዓመት በሬ ሳንጥል ልንቀመጥ ነው?»

«እኔስ?» አልኳቸው። «እኔ ሰባት ዓመት ምን ላደርግ ነው?»

ቢላዋውን ከነሰገባው ወደ ቤት መለሱት። በሬውን ፈትተው ወሰዱት። ሰው አንድ በአንድ ወጣ። እኔና እናቴ ብቻችንን ቀርተን ቆጮ በጎመን በላን። እሷም የጎመኑን ለስላሳ ለስላሳ እየመረጠች ወደ እኔ ገፋችልኝ። ከሰው ሁሉ ቢያንስ ያ ቢላዋ ከእኔ ጋር ቆሟል አልኩ በልቤ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ የሥጋ ሽታ አመጣ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ የገዥው መኪና። ከአጥሩ ማዶ ከጎረቤት ግቢ ነው። ምን እንደሆነ ወጥቼ ማየት አላስፈለገኝም።

ማምሻውን አባ ኃይሌ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም፤ መደቡ ላይ አስቀመጡት።

«የእናንተ ድርሻ ነው» አሉ።

«ቢላዋውስ፣ አባ?»

«የኛን አልነካንም» አሉ። «የጎረቤት ቢላዋ ነው።»

ደንቡ አልፈረሰም ማለታቸው ነበር። እናቴ «መልሺላቸው» አለችኝ። አልመለስኩም። ሥጋውን ቀጭን ቀጭን አድርጌ ዘለዘልኩት፣ ጨውና በርበሬ ነስንሼ ቋንጣ ሰቀልኩት። ወህኒ ቤት የሚበላውን አይቻለሁ። የልጅ ሆድ ኩራት አያውቅም፤ እኔም ለሰባት ዓመት የሚሆን ኩራት የለኝም።

ከሳምንት በኋላ ይዤለት ሄድኩ። ያረጋል በሽቦው ማዶ ቁጭ ብሎ አንዱን ቁራጭ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዓይኑ ተከፈተ።

«የመስቀል በሬ ነው?»

«ነው።»

«ታረቃችሁ ማለት ነዋ!» ወደ ሽቦው ተጠጋ። «አባ ኃይሌ ያለ እርቅ ቢላዋ አይመዙም። እማዬ፣ አጎቴ አሁን ሰብሳቢ ነው አይደል? እንግዲህ አንድ ነገር ያደርግልኛል።»

ያ አዳራሽ ውስጥ ያየሁት ብልጭታ ፊቱ ላይ ተመልሶ መጣ። ዝም ብል አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት በዚህ ይኖር ነበር። ዝም ማለት አማረኝ። ግን አምና በጉርሻ ያስያዙንን ተስፋ እኔ በቋንጣ ላስይዘው አልቻልኩም።

«አልታረቅንም» አልኩት። «የጎረቤት ቢላዋ ነው። ከአጎትህ ምንም አትጠብቅ። አባትህ ያንን ጠበቃ እየፈለገው ነው፤ ይገኝ አይገኝ አላውቅም።»

ማኘኩን አቆመ። ከዚያ አንገቱን አቀርቅሮ በዝግታ ማኘክ ጀመረ።

«ጨዉ በዝቷል» አለ።

«እንዲቆይልህ ብዬ ነው» አልኩት።